«እኔ» ማለት የጀመረ ሙዚቃ

በ1761 ዮሴፍ ሃይደን የተባለ የ29 ዓመት ሙዚቀኛ በኤስተርሃዚ መሳፍንት ቤት ለማገልገል ውል ፈረመ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ውሉ ዛሬ ሲነበብ ፈገግ ያሰኛል። ሃይደን ነጭ ካልሲ አጥልቆ፣ ፀጉሩን ዱቄት ነስንሶ፣ የቤቱን ደንብ ልብስ ለብሶ መገኘት አለበት። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ከልዑሉ እልፍኝ ደጅ ቀርቦ ሙዚቃ ይፈለግ እንደሆነ ይጠይቃል። ልዑሉ ያዘዙትን ይደርሳል፤ የደረሰውንም ያለ ፈቃዳቸው ለማንም አይሰጥም። ሃይደን ይህን እንደ ውርደት አልቆጠረውም። ደመወዙ ደህና ነበር፤ የሚመራው ኦርኬስትራ ከሁለት ደርዘን ሰው እምብዛም ባይበልጥም የተመረጠ ነበር። በዚያ ቤት ወደ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ እስከ ዛሬ የሚደነቁ ሲምፎኒዎችን ጽፏል። ነገር ግን ከእነዚያ አንዱን ሰምቶ ሃይደን በዚያ ሰሞን ማንን አፍቅሮ ነበር፣ ከማንስ ተጣልቶ ነበር ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ አልነበረም። አንድ ጊዜ፣ በ1772፣ ሙዚቀኞቹ ከገጠሩ ቤተ መንግሥት ወደ ቤተሰባቸው ለመመለስ ቸኩለው ሳለ፣ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ሻማቸውን እያጠፉ የሚወጡበት ሲምፎኒ ደርሶ ለልዑሉ አሰምቷል። እሱም ቢሆን በጨዋታ መልክ የቀረበ የሠራተኞች አቤቱታ እንጂ የሃይደን የልብ ምስጢር አይደለም።

ኤፕሪል 7 ቀን 1805 ለጥቂት ጊዜ የሃይደን ተማሪ የነበረው ሉድቪግ ፋን ቤትሆቨን በቪየና ከተማ አንድ ቲያትር ቤት ሦስተኛ ሲምፎኒውን ራሱ እየመራ ለሕዝብ አሰማ። «ኤሮይካ» የሚባለው ይህ ሥራ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ አድማጩ ከለመደው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሁለተኛው ክፍል የቀብር ጉዞ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለናፖሊዮን ነበር፤ ናፖሊዮን ራሱን ንጉሠ ነገሥት ብሎ ሲያነግሥ ግን ቤትሆቨን ስሙን ከሽፋኑ ላይ በንዴት ሲፍቅ ወረቀቱን በሳው። ያ ቀዳዳ ያለበት ገጽ ዛሬም ቪየና ውስጥ ተቀምጧል። ሲምፎኒው ለሕዝብ ከመሰማቱ ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ጆሮው እየደነቆረ መሆኑን ሲያውቅ፣ ራሱን ለማጥፋት እንዳሰበና የያዘው ጥበቡ ብቻ እንደሆነ የሚናዘዝ ደብዳቤ ለወንድሞቹ ጽፎ ነበር። ደብዳቤውን አልላከውም፤ ከሞተ በኋላ ከወረቀቶቹ መካከል ተገኘ። ከዚያ ወዲህ «ኤሮይካ»ን ያለዚያ ደብዳቤ መስማት ለብዙዎች የማይቻል ሆነ።

የሮማንቲክ ዘመን ሙዚቃ ጠባዮች ተብለው በየመማሪያ መጽሐፉ የሚደረደሩ ነገሮች አሉ፦ የገዘፈ ኦርኬስትራ፣ ከሹክሹክታ ወደ ነጎድጓድ የሚዘል ድምፅ፣ ከግጥምና ከተረት ጋር መጋባት፣ የሚንሳፈፍ ምት፣ እረፍት የማያገኝ ኅብረ ድምፅ፣ የአገር ፍቅር፣ የሩቅ አገር ናፍቆት። በዝርዝር ሲቀርቡ ለምን በአንድ ክፍለ ዘመን ተጠራርተው እንደመጡ አይታይም። እኔ እንደሚመስለኝ ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው፤ ሙዚቃ «እኔ» ማለት ጀመረ። ይህን ስል ግን ሙዚቀኞቹ ስሜታቸውን እንደ ልብ ለቀቁት ማለቴ አይደለም። ያ የሚናገረው «እኔ» ራሱ በጥንቃቄ የተደረሰ፣ በኖታ የተሠራ ገጸ ባሕርይ ነው። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ሙዚቃው እንዲህ ሊናገር የቻለው የሚሰማውና የሚከፍለው ሰው ስለተቀየረ ነው። የፈረንሳይ አብዮትና የናፖሊዮን ጦርነቶች የብዙ መሳፍንትን ካዝና አራቆቱ፤ በየግቢው የነበሩ ኦርኬስትራዎችም ተመናመኑ። በምትካቸው ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ ጠበቃው ትኬት ቆርጦ ይገባ፣ ለልጆቹ ፒያኖ ይገዛ፣ ኖታ ያስመጣ ጀመር። ለውጡ በአንድ ጀንበር አልሆነም። ቤትሆቨን ራሱ ከ1809 ጀምሮ ሦስት መኳንንት ተባብረው በዓመት 4,000 ፍሎሪን ቆርጠውለታል። በዚያ ውል ግን የደንብ ልብስ የለም፤ ደጅ መጥናት የለም። የተጠየቀው አገሩን ጥሎ እንዳይሄድ ብቻ ነበር። በ1827 ሲሞት አስከሬኑን ለመሸኘት የወጣው ሕዝብ ቢያንስ 10 ሺህ ይሆናል ተብሎ ተገምቷል። ለአገልጋይ ይህን ያህል ሰው አይወጣም።

በዚያ ቀብር ችቦ ይዘው ከተሰለፉት አንዱ የ30 ዓመቱ ፍራንዝ ሹበርት ነበር። ዓመት ከስምንት ወር ያህል ቆይቶ እሱም ሞተ። በዚያች አጭር ዕድሜው ከ600 በላይ ለአንድ ድምፅና ለፒያኖ የተደረሱ ዘፈኖችን ትቷል። ዘመኑ ምን እንደፈለገ በአራት ደቂቃ ማወቅ የሚሻ ሰው ሹበርት በ1815፣ በ18 ዓመቱ፣ በአባቱ ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ሳለ የጻፈውን «ኤርልኮኒግ» ይስማ። ግጥሙ የጀርመናዊው ገጣሚ የጎተ ነው። አባት ልጁን አቅፎ በሌሊት፣ በነፋስ ውስጥ በፈረስ ይጋልባል። ልጁ የመናፍስት ንጉሥ ሲያባብለው ያያል፤ አባትየው ጉም ነው፣ ቅጠል ነው እያለ ያጽናናዋል። ቤት ሲደርሱ ልጁ በእቅፉ ውስጥ ሞቷል።

ሹበርት ምን እንዳደረገ በዝርዝር ማየት ይገባል፤ የዘመኑ ብልሃት ሁሉ በትንሹ እዚህ አለና። የፒያኖው ቀኝ እጅ ያንኑ ድምፅ በሁለት ጣት፣ ሦስት ሦስት እያደረገ፣ በፍጥነት ይደጋግማል። የፒያኖ ተጫዋቾች የእጅ አንጓቸው እስኪዝል የሚፈሩት ክፍል ነው። የፈረስ ኮቴ ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን የፈራ ሰው የልብ ምትም ነው፤ የትኛው እንደሆነ አለመለየቱ ነው ጉልበቱ። አንድ ዘፋኝ አራት ሰው ይሆናል፦ ተራኪ፣ አባት፣ ልጅ፣ መንፈስ። አባት ሲናገር ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል፤ ልጁ ሲናገር ወደ ላይ ይወጣል። መንፈሱ ሲመጣ ደግሞ ሙዚቃው ከጨለማው ማይነር ወደ ብሩሁ ሜጀር ዞሮ ይለሰልሳል፤ በዘፈኑ ውስጥ ከሁሉ የጣፈጠው ዜማ የገዳዩ ነው። ልጁ አባቱን እየጠራ በጮኸ ቁጥር ጩኸቱ ካለፈው ከፍ ይላል፤ ከፒያኖው ድምፅ ጋርም በግማሽ ድምፅ ልዩነት ይጋጫል። ጆሮ የሚቆረጥመው ያ ግጭት ስሕተት አይደለም፤ ሕመሙ እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ፒያኖው ቀስ ብሎ ይቆማል። ዘፋኙ ዜማውን ትቶ እንደ መናገር ባለ ድምፅ የልጁን ሞት ያረዳል። ሁለት ኮርድ ይከተላሉ፤ በቃ።

በ1816 የሹበርት ወዳጆች ይህንና ሌሎች ዘፈኖችን ለጎተ ላኩለት። ያለ አንዲት ቃል ተመለሱ። ጎተን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን የገባኝ ይመስለኛል። እሱ የሚፈልገው ሙዚቃ ግጥሙን በትሕትና የሚያጅብ፣ ለየአንጓው ያንኑ ዜማ የሚመልስ ነበር። የሹበርት ፒያኖ አጃቢ አይደለም፤ ገጣሚው ያላለውን ሁሉ ይናገራል። ግጥሙን ከባለቤቱ ወስዶ የራሱ አድርጎታል።

በትንሽ ክፍል በአንድ ፒያኖ የተደረገው ነገር በመቶ ሰው ኦርኬስትራ ሲደረግ ምን ይመስላል? መልሱ ዲሴምበር 5 ቀን 1830 በፓሪስ ኮንሰርቫቷር አዳራሽ ተሰማ። ኤክቶር ቤርሊዮዝ 27 ዓመት ሊሞላው ስድስት ቀን ቀርቶታል። የሐኪም ልጅ ነው፤ አባቱ ሕክምና እንዲማር ወደ ፓሪስ ቢልከውም ሬሳ ከሚበለትበት ክፍል ሸሽቶ ወደ ሙዚቃ ገባ። ጊታርና ዋሽንት ይጫወታል፤ ፒያኖ በቅጡ አይችልም። ሙዚቃን በፒያኖ ቁልፍ ሞክሮ ሳይሆን በኦርኬስትራ ቀለም አስቦ የሚጽፈው ምናልባት ለዚህ ነው። በ1827 አንድ የእንግሊዝ የቲያትር ቡድን ፓሪስ መጥቶ «ሐምሌት»ን ሲያሳይ ኦፌሊያን ሆና የተጫወተችውን አየርላንዳዊት ተዋናይ ሃሪየት ስሚዝሰንን አየና አበደላት። ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ የለም። ከዚህ ፍቅር «ሲምፎኒ ፋንታስቲክ» ተወለደ።

ቤርሊዮዝ ታሪኩን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለአድማጮቹ አቅርቧል። አንድ ወጣት አርቲስት በፍቅር ተሰቃይቶ ኦፒየም ይውጣል፤ መርዙ ሳይገድለው በቅዠት ውስጥ ይከተዋል። አምስት ክፍሎች ናቸው፦ ሕልምና ስሜት፣ የዳንስ ግብዣ፣ የገጠር ውሎ፣ ወደ ሞት ፍርድ ጉዞ፣ የጠንቋዮች ድግስ። በሁሉም ውስጥ አንድ ዜማ ይመላለሳል፤ እሷ ነች። በመጀመሪያው ክፍል በቫዮሊኖችና በዋሽንት ረጅም፣ የሚንቀለቀል፣ የት እንደሚያርፍ የማይታወቅ ዜማ ሆና ትመጣለች። በግብዣው ላይ በቫልስ ምት ስትሽከረከር ትታያለች። በገጠሩ ክፍል ሁለት እረኞች ከሩቅ ይጠራራሉ፤ አንዱ መድረክ ላይ፣ ሌላው ከመድረክ ጀርባ። በመጨረሻ አንደኛው ሲጠራ መልስ ያጣል፤ የሚመልስለት በአራት ሰው የሚመታ የቲምፓኒ ከበሮ የሩቅ ነጎድጓድ ብቻ ነው። በአራተኛው ክፍል ወጣቱ የሚወዳትን ገድሎ በጊሎቲን ሊቀጣ ይወሰዳል። ስለቱ ከመውደቁ በፊት ክላሪኔቱ ብቻውን የእሷን ዜማ ይጀምራል፤ ኦርኬስትራው በአንድ ምት ይቆርጠዋል፤ ከዚያ በጣት የተነኩ ክሮች ዝቅ ዝቅ ይላሉ፤ ጭንቅላቱ ሲንከባለል ነው። በአምስተኛው ክፍል ያ ክቡር ዜማ በትንሿ ቀጭን ክላሪኔት እየተፍለቀለቀ፣ እያሽካካ ይመለሳል፤ ተወዳጇ ከጠንቋዮቹ አንዷ ሆናለች። ደወል ይደወላል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሙታን ጸሎት ዜማ በወፍራም የነሐስ መሣሪያዎች ይሰማል፤ የአውታር ተጫዋቾች ደጋናቸውን ገልብጠው በእንጨቱ ክሩን ይመታሉ፤ አጥንት የሚንኳኳ ይመስላል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የእውነተኛ ፍቅር ኑዛዜ ነው? አዎ፣ ግን ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። ያ የእሷ ዜማ ቤርሊዮዝ በ1828 ለውድድር ካቀረበው ሌላ ሥራ የተወሰደ ነው። ወደ ሞት ፍርድ የሚደረገው ጉዞም ካልተሳካለት ኦፔራው የተቀዳ ነው። ከዚህ ሁሉ ደግሞ የሚያስቀው፣ ሲምፎኒው ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰማበት ቀን ቤርሊዮዝ ካሚይ ሞክ ለተባለች ሌላ ሴት፣ ለአንዲት ፒያኖ ተጫዋች፣ ታጭቶ ነበር። እሷ በዓመቱ የፒያኖ ፋብሪካ ባለቤት አገባች። ስሚዝሰን ሲምፎኒውን የሰማችው በ1832 ነው፤ በ1833 ተጋቡ። ትዳሩ አልሰመረም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ተለያዩ። ይህን የማነሳው ሰውየውን ለማሳጣት አይደለም። በሲምፎኒው ውስጥ የሚሰቃየው ወጣት ቤርሊዮዝ የፈጠረው ገጸ ባሕርይ መሆኑ እንዲታይ ነው። የሚነደው አንድ ሰው፣ ኖታውን በቀዝቃዛ እጅ የሚያሰላው ሌላ ሰው ነው። በገጹ ላይ እንኳ የፈለገውን የአውታር ተጫዋች ቁጥር አስቀምጧል፤ ሲደመር 60 ያህል ይሆናል። የሃይደን ሙሉ ኦርኬስትራ የዚያን ግማሽ አይሞላም።

ይህ የቁጥር ጉዳይ ከትዕቢት ብቻ የመጣ አይደለም። ፋብሪካው እየረዳቸው ነበር። የቀድሞው ሆርን ያለ ቁልፍ የተጠቀለለ ቱቦ ስለነበር ሁሉንም ድምፅ በእኩል ጥራት አያወጣም፤ በ1818 በርሊን ላይ የቫልቭ ፈጠራ ከተመዘገበ በኋላ ሆርንና ጥሩምባ የፈለጉትን ዜማ መያዝ ቻሉ። ቱባ በ1835 መጣ፤ ሳክስፎን በ1846። ከሁሉ የበለጠ የተለወጠው ግን ፒያኖ ነው። ሞዛርት ይጫወትበት የነበረው ፒያኖ ሙሉ በሙሉ ከእንጨት የተሠራ፣ አምስት ኦክታቭ ያለው ቀጭን መሣሪያ ነበር። በ1821 ሴባስቲያን ኤራር ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ ያንኑ ድምፅ ደግሞ ለመምታት የሚያስችል ስልት አወጣ። በ1825 ቦስተን ውስጥ አልፊየስ ባብኮክ ወጥ የብረት ክፈፍ ፈጠረ። የብረት ክፈፍ ማለት ክሩ ወፍራም ሊሆንና ጠብቆ ሊወጠር ይችላል ማለት ነው፤ የዛሬ ትልቅ ፒያኖ ክሮች በአጠቃላይ ወደ 20 ቶን የሚጠጋ ኃይል ይጎትታሉ። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ 88 ቁልፍ የተለመደ ሆነ። አንድ ሰው ብቻውን ሁለት ሺህ ሰው የያዘ አዳራሽ መሙላት ቻለ፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ፍራንዝ ሊስትም ይህንኑ አደረገ። ሊስት መድረክ ላይ ሲወጣ ሴቶች ጓንቱንና የሲጋራውን ቁራጭ ይሻሙ እንደነበር የዘመኑ ሰዎች ጽፈዋል። የዛሬው የኮከብ ዘፋኝ አምልኮ አባት እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፍሬደሪክ ሾፓን ግን በተመሳሳይ መሣሪያ በተቃራኒው መንገድ ሄደ። በ39 ዓመት ዕድሜው ለሕዝብ የተጫወተው ሠላሳ ጊዜ ያህል ቢሆን ነው። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ለጥቂት ሰው በሳሎን የሚነገር ነበር። ኑሮውን የሚገፋው በማስተማር ነው። ኖቬምበር 1830 ዋርሶን ለቆ በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፖላንዶች በሩሲያ ላይ ተነሱ፤ አመፁ ተጨፈለቀ፤ እሱም ወደ አገሩ አልተመለሰም። የፖላንድ ገበሬ የሚጨፍርበትን ማዙርካ ወስዶ ማንም የማይጨፍርበት፣ የስደተኛ ትዝታ የሚቋጥር ነገር አደረገው። በ1849 ፓሪስ ሲሞት ልቡ ወደ ዋርሶ ተወስዶ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ውስጥ ተቀመጠ።

የሾፓን ትልቁ ምስጢር ሩባቶ የሚባለው የምት አያያዝ ነው። ተማሪዎቹ እንደመሰከሩት ግራ እጁ ምቱን አጥብቆ ይጠብቃል፤ ቀኝ እጁ ግን ዜማውን ጥቂት ያዘገየዋል ወይም ያስቸኩለዋል፣ ሰው ሲናገር ለቃሉ ክብደት ቆም እንደሚለው። ወረቀት ላይ ሊጻፍ አይችልም። በሜትሮኖም የተጫወተው ሾፓን ይሞታል፤ ከልክ በላይ የተንዛዛው ደግሞ ያቅለሸልሻል፣ ሁለተኛውን ጥፋት በየመድረኩ አብዝተን እንሰማዋለን። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ ሥራዎች የሚያውቅ አንባቢ ይህን ነፃ ምት አያጣውም። እማሆይ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ በኋላም ካይሮ የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ ተምረዋል። በእሳቸው ግራ እጅ ውስጥ ያ የአውሮፓ ሳሎን፣ በቀኝ እጃቸው ደግሞ የእኛው ቅኝትና የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲገናኙ ይሰማኛል።

ሁሉም «እኔ» ብሏል ማለት ግን ውሸት ነው። ዮሐንስ ብራምስ ታሪክ የሌለው፣ ርዕስ የሌለው ሲምፎኒ ጻፈ፤ ለዚያውም የመጀመሪያውን በ1876፣ በ43 ዓመቱ፣ የቤትሆቨንን ጥላ ብዙ ዓመት ፈርቶ ከቆየ በኋላ። የቪየናው ሐያሲ ኤድዋርድ ሃንስሊክም የሙዚቃ ውበት በራሱ በድምፆቹ አወቃቀር ውስጥ እንጂ በሚያነሣሣው ስሜት ውስጥ አይደለም ብሎ በ1854 መጽሐፍ አሳትሟል። የብራምስና የኦፔራ ደራሲው የሪቻርድ ዋግነር ወገኖች በጋዜጣ ሲሞላለጩ አንድ ትውልድ አለፈ።

ዋግነር ያደረገውን ለመረዳት ስለ ማረፊያ ድምፅ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የአውሮፓ ሙዚቃ ከአንድ ድምፅ ይነሣል፣ ይርቃል፣ ይመለሳል። በትዝታ ቅኝት የሚዘፍን ሰው ዜማውን የት እንደሚያሳርፍ ጆሯችን ቀድሞ እንደሚያውቀው፣ የአውሮፓም አድማጭ መመለሻውን ይጠብቃል። የሮማንቲክ ደራሲዎች ጉዞውን እያረዘሙ፣ መመለሻውን እያዘገዩ ሄዱ፤ ናፍቆት በድምፅ የሚሠራው እንዲሁ ነውና። በ1859 ተጽፎ ባለቀው «ትሪስታንና ኢዞልዴ» ዋግነር ነገሩን ጫፍ አደረሰው። ኦፔራው ሲጀምር ቼሎዎቹ ጥቂት ድምፅ ይስባሉ፤ ከዚያ አንድ ኮርድ ይመጣል፤ ጆሮ ይፈታል ብሎ የሚጠብቀው፣ ግን ወደ ሌላ ያልተፈታ ኮርድ የሚያልፍ። አድማጩ ዕረፍት የሚያገኘው አራት ሰዓት ያህል ሙዚቃ ሰምቶ፣ ሁለቱ ፍቅረኞች ከሞቱ በኋላ፣ በመጨረሻዎቹ ድምፆች ነው። ቪየና ውስጥ ከ70 በላይ ልምምድ ተደርጎ አይዘፈንም ተብሎ ተተወ። በመጨረሻ በ1865 ሙኒክ ላይ ታየ። ወጪውን የቻለው የባቫርያው ወጣት ንጉሥ ሉድቪግ ነበር፤ ልዑሉ በኋላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው፣ ነገር ግን በዚህ ጊዜ ደጅ የሚጠናው ንጉሡ ነበር። ኦርኬስትራውን የመራው ሃንስ ፎን ቢውሎ ነው። ልምምዱ በተጀመረበት ሰሞን ሚስቱ ኮሲማ ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጅቱ የዋግነር ነበረች፤ ስሟም ኢዞልዴ ተባለ። ሰውየው ይህን እያወቀ ወይም እየጠረጠረ ስለ ከዳተኛ ፍቅር የተጻፈውን ኦፔራ በብቃት መርቶ ጨረሰ።

«እኔ» ሲበዛ «እኛ» ይሆናል። የራሳቸው መንግሥት ያልነበራቸው ወይም በሌላ ሥር የነበሩ ሕዝቦች ሙዚቃቸውን እንደ ሰነድ ያዙት። ቤድርዢክ ስሜታና በ1874፣ ጆሮው ጨርሶ በደነቆረበት ዓመት፣ የቼኮችን ወንዝ ቭልታቫን ከምንጩ እስከ ፕራግ በኦርኬስትራ አስፈሰሰው። የእስራኤልን ብሔራዊ መዝሙር የሚያውቅ አንባቢ የቭልታቫን ዋና ዜማ ሲሰማ ይደነግጣል፤ ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም ከጣሊያን ተነሥቶ በአውሮፓ ሲዞር ከኖረ የቆየ ዜማ ጋር ይዛመዳሉ። የአንድ ሕዝብ ብቻ ነው የሚባል ዜማ ሥሩ ሲቆፈር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ከ«እኛ» ቀጥሎ «እነሱ» መጣ። የዘመኑ ደራሲዎች ስፔንን፣ ምሥራቁን፣ አፍሪካን ሳያዩ ደረሱባቸው። ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የጁዜፔ ቨርዲ «አይዳ» ነው። የኦፔራው ባለታሪክ በግብፅ ቤተ መንግሥት በባርነት የተያዘች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ኦፔራውን ያዘዘው የግብፁ ገዥ፣ ኬዲቭ እስማኤል ነበር፤ የተከፈለውም 150,000 ፍራንክ ነው። ለስዊዝ ቦይ ምረቃ የተደረሰ ነው የሚባለው ስሕተት ነው፤ ቨርዲ ለምረቃው መዝሙር እንዲጽፍ ተጠይቆ እምቢ ብሏል። አልባሳቱና ጌጡ ፓሪስ ሲዘጋጅ ከተማዋ በፕሩሲያ ጦር ስለተከበበች ሥራው ዘገየ፤ ካይሮ ላይ የታየው ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ነው። ቨርዲ አልሄደም። በታሪኩ የግብፅ ጦር ኢትዮጵያውያንን ድል አድርጎ፣ ለዚሁ በተለይ በተሠሩ ረጃጅም ጥሩምባዎች ታጅቦ ይገባል፤ ያ ጉዞ ዛሬ በየስፖርት ሜዳው ሳይቀር ይሰማል። ኬዲቭ እስማኤል ይህን ባሳየ በአራተኛው ዓመት ጦሩን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ኖቬምበር 1875 ጉንደት ላይ፣ ማርች 1876 ጉራ ላይ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ደመሰሰው።

ሙዚቃው ውስጥ ኢትዮጵያን የሚፈልግ ሰው አያገኛትም። ዜማዎቹ የቨርዲ ናቸው። ይልቅ የሚያስገርመው ሦስተኛው ገቢር እንዴት እንደሚከፈት ነው። ሌሊት ነው፣ የአባይ ዳር። ቫዮሊኖቹ አንዲቱን ድምፅ ከላይ እስከ ታች እየዘለሉ በስሱ ይነካኳታል፤ በላዩ ዋሽንት ብቻዋን ትንከራተታለች። ጥቂት ቆይቶ አይዳ ዳግመኛ ስለማታየው አገሯ ስትዘፍን ከእሷ ጋር የሚሄደው ኦቦ ነው፤ ድምፁ ቀጭን፣ ትንሽ የታፈነ። ቨርዲ እዚህ ላይ ኦርኬስትራውን ከሞላ ጎደል ባዶ አድርጎ ዘፋኟን ወደ ላይኛው ዶ ብቻዋን ያወጣታል፤ ብዙ ሶፕራኖዎች ከመድረክ ሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ድምፅ ይሄ ነው፣ ጮኸው ቢያወጡት ይበላሻል፣ በስሱ ለማውጣት ደግሞ እስትንፋሱን ከየት እንደሚያመጡት እነሱ ያውቃሉ።